በሞተር ሳይክል ሞተር የሚሠራውን ባለ ሦስት እግር «ሙሉ ኪት» ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰሞኑን በመሃል አዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ እስከ ተክለ ሃይማኖትና ፒያሳ፣ «ሙሉ ኪት» እየተባለ የሚቀርብ ዕቃ አለ። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ጎማ ያለው፣ የባጃጅ ተቃራኒ የሆነ ባለ ሦስት እግር ነው። የተበየደ ሻንሲ፣ «ብዙም ያልሠራ» የሞተር ሳይክል ሞተር፣ ሁለት የፊት እግር፣ መሪና ወንበር አብረው ይሰጣሉ። «የእናንተ ሥራ ብሎን ማጥበቅ ብቻ ነው» ይባልና ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ቀድሞ ይጠየቃል።

ሐሳቡ ራሱ መጥፎ አይደለም። በደንብ የተሠራ እንደሆነ ከፊት ሁለት ጎማ ያለው ከባጃጅ ይልቅ የተረጋጋ ነው፣ በተለይ ፍሬን እየያዙ ሲታጠፉ። ችግሩ የሚሸጠው ኪት ላይ ነው። ብረቱ አለ፣ ስሌቱ ግን አልተሠራም፤ ሰው የሚጎዳውም እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ መገልበጡን እንይ። ባለ ሦስት እግር የሚቆመው ሦስት ማዕዘን ላይ ነው፣ የዚህኛው ሹል ጫፍ ደግሞ ከኋላ ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር የቆመበት መሠረት ይጠብባል። በኪቱ ላይ ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ጎማ ተጠግቷል፣ ባትሪውና ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ሳይቀሩ ከወንበሩ ጀርባ ተሰቅለዋል። ፎቶ ላይ ፊቱ ረዘም ብሎ ያምራል፤ ያ የሚያምረው ባዶ ፊት ግን ክብደት ሊያርፍበት የሚገባ ቦታ ነበር። ለሁለተኛ ሰው «ከኋላ አንድ ወንበር እንጨምራለን» ከተባላችሁ ደግሞ ይበልጥ ይብሳል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን እንጂ ፊትና ኋላ መቀመጥ የለበትም።

ይህን በግምት ሳይሆን በሚዛን ማወቅ ይቻላል። እህል የሚመዘንበት የመሬት ሚዛን ይበቃል። ነጂው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ነዳጁ ሞልቶ፣ የእያንዳንዱን ጎማ ጫና ለየብቻ መዝኑ። ሌሎቹ ሁለት ጎማዎች በሚዛኑ ቁመት ልክ ጣውላ ላይ ይውጡ፤ ተሽከርካሪው ካዘነበለ ቁጥሩ ያሳስታል። የኋላው ጎማ ከጠቅላላው ክብደት ከ30 እስከ 35 በመቶ ቢሸከም መልካም ነው። 45 ከደረሰ አትግዙ።

ቀጥላችሁ ይህን አስሉ፦ በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ያለውን ስፋት ለሁለት ክፈሉ፣ የፊት ጎማዎቹ በተሸከሙት የክብደት ድርሻ አባዙት፣ የክብደቱ መሃል ከመሬት ባለው ከፍታ አካፍሉት። ስፋቱ 1.20 ሜትር፣ የፊት ድርሻው 55 በመቶ፣ ከፍታው 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 0.60 ሲባዛ 0.55 ሲካፈል ለ0.60፣ ውጤቱ 0.55 ነው። ጎማ ደረቅ አስፋልት ላይ ከመንሸራተቱ በፊት ከተሸከመው ክብደት 0.7 እስከ 0.8 ያህል የጎን ግፊት ይችላል። ስለዚህ ይህ ዕቃ ሳይንሸራተት ይገለበጣል ማለት ነው፤ ነጂው «በዛ» ብሎ እንዲቀንስ የሚያደርገው የጎማ ጩኸት እንኳ ቀድሞ አይሰማም። ራዲየሱ 15 ሜትር በሆነ አደባባይ ላይ የውስጠኛው ጎማ የሚነሳው በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ይህም መንገዱ ልሙጥ ከሆነ ነው፤ ጉድጓድ ካለ ከዚያም በታች ይሆናል።

ስፋቱ 1.40 ሜትር፣ የፊት ድርሻው 68 በመቶ፣ ከፍታው 45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግን ውጤቱ 1.06 ይመጣል፤ ከመገልበጡ በፊት ይንሸራተታል፣ ነጂውም ጊዜ ያገኛል። ከፍታውን ለመገመት ወንበሩን እዩ። የተቀመጠ ሰው የክብደት መሃል እምብርቱ አካባቢ፣ ከወንበሩ 20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ወንበሩ ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ከተሰቀለ ሰውየው ብቻውን 70 ላይ ነው። ሻጩ ስለ ስፋት፣ ስለ ድርሻና ስለ ከፍታ ሦስት ቁጥር መስጠት ካልቻለ ተሽከርካሪ አልነደፈም፣ ብረት ነው የበየደው።

ወደ ሞተሩ እንለፍ። ብዙዎቹ የቻይና ሥሪት፣ በአየር የሚቀዘቅዙ ባለ አንድ ሲሊንደር ናቸው፤ የ150ውና የ200ው ውጫዊ ቅርፅ ደግሞ በጣም ይመሳሰላል። ማጭበርበሩ የሚገባው በዚህ ነው። «250 ሲሲ» ሲሏችሁ ካርተሩ (የሞተሩ የታችኛው ቤት) ላይ የተቀረጸውን አንብቡ። 162 ኤፍኤምጄ ከሆነ 150 ሲሲ ነው። 163 ኤፍኤምኤል 200፣ 167 ኤፍኤምኤም ደግሞ 250 ተብሎ የሚሸጠው ነው። የመጀመሪያው አኃዝ የሲሊንደሩን ብዛት፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ የፒስተኑን ስፋት በሚሊ ሜትር፣ የመጨረሻው ፊደል የሲሲ መደቡን ይናገራሉ። የሞተር ቁጥሩ ቦታ በግራይንደር ተልጦ ወይም አዲስ ቀለም ተቀብቶ ካገኛችሁ እዚያው ተዉት፤ ከተሰረቀ ሞተር ሳይክል የወጣ ሊሆን ይችላል፣ ዕዳውም ለእናንተ ይተርፋል።

ኮምፕሬሽን ስታስለኩ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ መሆኗን አትርሱ። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ መጽሐፉ 160 ፒኤስአይ የሚለው ጌጁ ላይ 120 አካባቢ ቢያሳይ ሞተሩ ደክሟል ማለት አይደለም። ጋዙን ሙሉ ከፍታችሁ ለኩ፤ ዝቅ ካለ በካንዴላው (እሳት በሚሰጠው) ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ቁጥሩ ከዘለለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ካልተነሳ ቫልቩ ነው የሚያሾልከው። ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፦ 12 የፈረስ ጉልበት የሚባለው 150 ሲሲ እዚህ 9 ገደማ ይሰጣል። ዋናው ጂግለር፣ ቤንዚኑ የሚያልፍባት ትንሿ ቀዳዳ፣ ለቆላ የተመረጠች ከሆነች ደግሞ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ከለገሃር ወደ ፒያሳ የቸርችልን ዳገት ሁለት ሰው ጭኖ ቆሞ ሲነሳ ፍሪሲዮኑ የሚቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው። የሞተር ሳይክሉ ማርሽ የተመጠነው ከነነጂው ለ200 ኪሎ ግራም ያህል ነበር፤ ይህ ዕቃ ከነሰዎቹ 400 ይጠጋል። ኮሮናው (የኋላ ጎማው ባለ ጥርስ ክብ) ላይ ጥርስ መጨመር ወይም ፒኞኑ (የሞተሩ ትንሹ ባለ ጥርስ ክብ) ላይ መቀነስ ግድ ነው። ኪቱ ውስጥ ግን የሞተር ሳይክሉ ካቴናና ጥርስ እንዳለ ተቀምጧል።

ሞተሩ በሞተር ሳይክል ላይ ሳለ ነፋስ ፊት ለፊት ይመታው ነበር። አሁን ከወንበር ጀርባ፣ በላሜራ ተከልሎ ተቀምጧል። አየር የሚያመጣለት ቦይ፣ ማራገቢያና የዘይት ማቀዝቀዣ ከሌለው በትራፊክ መሃል ሲቆም ዘይቱ ይቀጥናል፣ ፒስተኑ ይነክሳል። ኪቱ ሦስቱም የሉትም።

የኋላ ማርሽም የለውም። ሻጩ «በኋላ ይጨመራል» ይላል። የሞተር ሳይክል ሞተር ወደ ኋላ አይሄድም፣ የማስቀየሪያው ጊርቦክስ ደግሞ በሞተሩና በኋላ ጎማው መካከል ቦታ ይፈልጋል፤ ሻንሲው ከተበየደ በኋላ ያ ቦታ አይገኝም። አንዳንዱ ከጭነት ባለ ሦስት እግር የወጣ፣ የኋላ ማርሽ ያለው ሞተር ያቀርባል። እሱ ደግሞ የተሠራው በካርዳን (በሚሽከረከር ዘንግ) ሁለት የኋላ ጎማ እንዲያዞር ነው። ለአንድ የኋላ ጎማ በካቴና እንዲያወጣ እንዴት እንደተቀየረ ካላሳዩአችሁ አልተቀየረም።

የኋላው ጎማ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ሞተር ሳይክል ሲታጠፍ ይጋደማል፤ ስለዚህ ጎማው፣ በቀጭን ሽቦ የተወጠረው ቸርኬና ሹካው የጎን ግፊት እምብዛም አያውቁም። ባለ ሦስት እግር አይጋደምም፣ ያ ግፊት በሙሉ ከጎን ይመጣል። ሽቦው ይላላል፣ ኩሽኔታው ይበላል፣ ሹካው ይጠመዘዛል፣ ክብ ጀርባ ያለው ጎማም መሃሉ ብቻ ይላጫል። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ የመኪና ቸርኬና ጠፍጣፋ ጎማ፣ ለምሳሌ 155/70 በ13፣ ከወፍራም ሹካ ጋር። ዲያሜትሩ ከባለ 18ቱ የሞተር ሳይክል ጎማ 10 በመቶ ያህል ስለሚያንስ ለዳገቱም ይረዳል።

የፊቱ እግር የባጃጅ ባለ 8 ቸርኬ ከነከበሮ ፍሬኑ ከሆነ ተዉት። እዚህ አብዛኛው የፍሬን ሥራ የፊት ጎማዎቹ ነው፤ አንዱ ከበሮ ቀድሞ ከያዘ መሪውን ይነጥቃል። ከትንሽ መኪና የወጣ ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት መሃል) እና ዲስክ ይሻላል፤ የፍሬን ፖምፓው ግን አብሮ መቀየር አለበት። የሞተር ሳይክል የእጅ ፖምፓ ለሁለት የመኪና ካሊፐር የሚበቃ ዘይት አይገፋም፣ መያዣው እስከ መጨረሻው ይገባል። ዲያሜትሩ 19 ወይም 20 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ የፊትና የኋላው መስመር የተለየ የመኪና ፖምፓ ጠይቁ።

መሪውን ቆመው ማዞር ምንም አይነግራችሁም። አሞርዛተሩን ፍቱና ጎማውን በክሪክ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍና ዝቅ አድርጉ፣ ቸርኬውን አጠገቡ ከተወጠረ ክር ጋር እያስተያያችሁ። የቸርኬው የፊት ጠርዝ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ከሄደ የመሪው ዘንግ ርዝመት ከብራቾዎቹ (ጎማውን ከሻንሲው ከሚያገናኙት ክንዶች) ጋር አይስማማም። ይህ በየጉድጓዱና በየፍጥነት መቀነሻው ነጂው ሳያዝ መሪው በራሱ ይዞራል ማለት ነው። የዘንጉ የውስጥ መገጣጠሚያ የላይኛውና የታችኛው ብራቾ የውስጥ ቦኮላዎችን (ብራቾው ሻንሲው ላይ የሚንቀሳቀስባቸውን መገጣጠሚያዎች) በሚያገናኝ መስመር ላይ መሆን አለበት።

ሻንሲው የሚበየደው ብዙውን ጊዜ ለበርና ለመስኮት ከሚሆን ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ነው። 40 በ40 ሆኖ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነው ባለ 6 ሜትር ብረት 11 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፣ 2.5 የሆነው 17። ሻጩ ከዚያው የተረፈ ቁራጭ እንዲያሳያችሁ ጠይቁና በካሊበር ለኩት። ብየዳው ስቱኮና ቀለም ተለብሶ ከቀረበ እንዲፋቅ አድርጉ፤ ብየዳውን የሚደብቅ ሰው ምክንያት አለው።

ሰነዱን በተመለከተ «የሞተር ሳይክሉን ታርጋ ትለጥፉበታላችሁ» ቢሏችሁ አትስሙ። የሻንሲ ቁጥሩ የተቀረጸው የሞተር ሳይክሉ መሪ አንገት ላይ ነበር፣ ያ ተቆርጦ ቀርቷል። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ያልተመዘገበና ያልተመረመረ ተሽከርካሪ መንገድ ላይ አይወጣም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚገባው የሦስተኛ ወገን መድንም ሊብሬው ላይ ላለው ባለ ሁለት እግር እንጂ ለዚህ አይደለም። የተሽከርካሪውን ንድፍ ይዛችሁ ወደ ከተማው የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ሂዱና ሊመዘገብ መቻል አለመቻሉን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

የገንዘቡ ነገርም አለ። ውሉ ላይ «የማይመለስ ቅድሚያ ክፍያ» የሚል ቃል ካለ አትፈርሙ፤ «ቀብድ» ተብሎ ይጻፍ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን ያፈረሰ ወገን እጥፉን ይመልሳል፤ ቀብድ ሰጥቶ ያፈረሰ ደግሞ የሰጠውን ያጣል። ክፍያው በባንክ ይሁን፣ ደረሰኝ ይቆረጥ፤ ያለ ደረሰኝ ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ መክሰስ ከባድ ነው። ውሉ ውስጥ የሞተሩ ቁጥርና የተቀረጸው መለያ፣ የሞተሩ የቀድሞ ሊብሬ ቅጂ፣ የቱቦላሬው ውፍረት፣ የፊት ጎማዎቹ ስፋትና የኋላው ጎማ ከፍተኛ የክብደት ድርሻ በቁጥር ይጻፉ። ቀሪው ክፍያ የሚፈጸመው ነጂ ተቀምጦበት ሦስቱ ጎማዎች በፊታችሁ ከተመዘኑና ቁጥሩ ከውሉ ጋር ከተመሳከረ በኋላ እንደሆነም አብሮ ይጻፍ።