እግሬን በሜትር ለለካችው ሲስተር

በሰፈራችን ጤና ጣቢያ፣ የእርግዝና ክትትል ክፍል ውስጥ የምትሠራ አንዲት አዋላጅ ነርስ አለች። ስሜን አትጥሪ ስላለችኝ አልጠራም። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጤና ጣቢያውን እነግራችኋለሁ።

በእርግዝናዬ ሰባተኛ ወር ላይ ግራ እግሬ አበጠ። ከታፋዬ ጀምሮ ይከብደኛል፣ ያቃጥለኛል። አንድ ክሊኒክ ሄጄ «እርግዝና ነው፣ ያልፋል» ተባልኩ። እናቴም ጨው ቀንሺ አለችኝ።

ሲስተር ግን ጫማዬን አስወልቃ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣች። የቀኝ ባቴ 36 ሴንቲሜትር፣ የግራው 40። «የእርግዝና እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ነው የሚይዘው። ይሄ ለነገ አይባልም» ብላ ሪፈር ጻፈችልኝ። በዚያው ቀን የደም ዝውውርን በሚያሳይ የዶፕለር አልትራሳውንድ ሲታይ ታፋዬ ላይ ደም ረግቶ ተገኘ።

በኋላ ነገሩን በወረቀት ስላ አስረዳችኝ። ከግራ እግር ደም የሚመልሰው ቧንቧ፣ ወደ ቀኝ እግር በሚወርደው ደም ቅዳ ስር ነው የሚያልፈው። ከላይ ደም ቅዳው፣ ከኋላ አከርካሪው ያጣብቁታል። ማህፀን ሲያድግ ጫናው ይብሳል፣ በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ደም ቶሎ ይረጋል። ለዚህ ነው ነፍሰ ጡሮችን አብዛኛውን ጊዜ በግራ እግር የሚይዛቸው። የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። «ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ» አለችኝ።

ሐኪሙ ኢኖክሳፓሪን የሚባል፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርፌ አዘዘልኝ። ወደ ፅንሱ አያልፍም። ጠዋትና ማታ ሆዴ ላይ ራሴን መውጋት ነበረብኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ። ሲስተር እጄን ይዛ አሳየችኝ። ከእምብርት ራቅ ብለሽ ቆዳውን ቆንጥጪ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ፣ ከወጋሽ በኋላ አትሺው። ምጥ ከጀመረሽ ደግሞ ሳትወጊ ቶሎ ነይ። ያገለገሉትን መርፌዎች በባዶ የዘይት ጀሪካን አጠራቅሜ ለእሷ እወስድላት ነበር።

በሰላም ወለድኩ። እናቴ አራስ ከአልጋ አትወርድም ባይ ናት። ደም የመርጋት አደጋው ግን ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ነው የሚብሰው። ሲስተር ራሷ ደወለችላት። «እማማ፣ ገንፎውን አይከልክሏት። ግን ተነስታ፣ ወዲህ ወዲያ ብላ ትብላው።» ከዚያ ወዲህ እናቴ ራሷ ክንዴን ይዛ ሳሎን ውስጥ ታንሸራሽረኝ ጀመር።

ልጄን የ45 ቀን ክትባት ላስከትብ ስሄድ ሲስተር አቅፋ ሳመችው። ከዚያ ለእናቴ ሰጠቻትና «እስኪ ቁጭ በይ» አለችኝ። ሜትሩን ይዛዋለች።