ለአምፕሊፋየር መፈተሻ የሚሆን ሬዚስተር፦ ነጩ ሴራሚክ ወይስ ወርቃማው?

አምፕሊፋየር የሚጠግኑ ወዳጆቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል፤ ለፍተሻ በስፒከር ፋንታ የሚታሰረው 8 ኦም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ዕቃ) ርካሹ ነጭ ሴራሚክ ይሁን ወይስ የአሉሚኒየም ልባስ ያለው ወርቃማው? እኔ ወርቃማውን እመርጣለሁ፤ እውነተኛው ከሆነ።

ሴራሚኩን የሚያስመርጠው ዋጋው ብቻ ነው። እስቲ እናስላው። 100 ዋት በአስተማማኝ ሁኔታ እንዲሸከም ባለ 8 ኦም 20 ዋቶቹን ዘጠኝ ገዝታችሁ፣ ሦስት ሦስቱን በተከታታይ አስራችሁ፣ ሦስቱን ረድፎች ጎን ለጎን ታያይዛላችሁ። ውጤቱ ያው 8 ኦም፣ አቅሙ 180 ዋት ይሆናል። የዘጠኙ ዋጋ፣ ሽቦው፣ ብየዳው ሲደመር ርካሽነቱ የት አለ? ሲግል ደግሞ ሙቀቱን የሚያስተላልፍበት ብረት ስለሌለው የራሱን ብየዳ እስከማቅለጥ ይደርሳል።

ወርቃማው ላይ የተጻፈው 100 ዋት የሚሠራው በሰፊ ሙቀት አስወጋጅ አሉሚኒየም ላይ በብሎን ሲታሰር ነው። ባዶውን ከተቀመጠ ግማሹን ወይም ከዚያም ያነሰውን ብቻ ይችላል። ስለዚህ ዋጋውን በተጻፈው ዋት ሳይሆን በእርግጥ በሚችለው ዋት አካፍሉት። አሉሚኒየሙን ከተጣለ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ላይ ፈትታችሁ ማግኘት ስለምትችሉ ለእሱ ገንዘብ አታውጡ።

የሚያናድደኝ አስመስሎ የተሠራው ነው። ቀለሙ ያው፣ ጽሑፉ ያው፣ ዋጋው ግማሽ። ሰብሬ ያየኋቸው ውስጣቸው ቀጭን ሽቦና ጥቂት ሲሚንቶ ነው። ታማኝ አምራች የአካሉን ልክና ያለ አሉሚኒየም የሚችለውን ዋት በሰነድ ያወጣል፤ በእጃችሁ ያለው ከዚያ ልክ ካነሰ ተዉት። ከገዛችሁም አሉሚኒየሙ ላይ አስራችሁ 20 ቮልት ዲሲ ስጡት፤ 2.5 አምፔር ይስባል፣ 50 ዋት ማለት ነው። ለአሥር ደቂቃ ያህል ቆዩ። አምፔሩ እየወረደ ከሄደ ወይም የቃጠሎ ሽታ ካለ መልሱት። ሽቦው በሥራ መሀል ቢበጠስ ባለ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም፤ ባለ ቫልቩ (ባለ መስታወት ቱቦው) ግን የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። የዚያን ትራንስፎርመር ዋጋ የከፈለ ሰው በሬዚስተር ላይ አይቆጥብም።

ኢንደክታንስ (የተጠመጠመ ሽቦ በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ላይ የሚጨምረው እገታ) የሌለው ልዩ ሬዚስተር ግዙ የሚሏችሁንም በሒሳብ መልሱላቸው። ሬዚስተሩ 10 ማይክሮሄንሪ ኢንደክታንስ ቢኖረው በ1 ኪሎኸርዝ 0.06 ኦም ብቻ ነው፤ በ20 ኪሎኸርዝ እንኳ 8 ኦሙን ወደ 8.1 ቢያደርሰው ነው። ለጥገና ምንም ለውጥ የለውም።

ከ1000 ዋት በላይ ለሆኑት ትልልቅ አምፕሊፋየሮች ግን ሁለቱንም ትቼ ውኃ ማሞቂያ ኤለመንት እጠቀማለሁ። ባለ 220 ቮልት 2000 ዋቱ ወደ 24 ኦም ስለሆነ ሦስቱ ጎን ለጎን ሲታሰሩ 8 ኦም ይሰጣሉ። በባልዲ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ብቻ ነው የምትሠሩበት፤ ያለ ውኃ ወዲያው ይቃጠላሉ።