ጎልድ፦ በድጋሚ ስርጭት ስም የሚያወጣው ቻናል

የብሪታንያን የድሮ ሲትኮም (ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ) የሚወድ ሰው ዞሮ ዞሮ ጎልድ በተባለው የብሪታንያ የክፍያ ቻናል ላይ ይደርሳል። «ዩኬ ጎልድ» ተብሎ በኖቬምበር 1992 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ጀምሮ ዋና ሥራው የቆዩ ፕሮግራሞችን ከጎተራ አውጥቶ ማሳየት ነው፤ የቢቢሲ ሥራዎች ደግሞ የጎተራው ትልቁ ክፍል ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከመክፈትዎ በፊት የፕሮግራም ሰሌዳውን ይመልከቱ። ቢቢሲ ማስታወቂያ ስለማያስገባ አንድ ክፍል 30 ደቂቃ ገደማ ሆኖ ነው የተሠራው። ጎልድ ግን ማስታወቂያ ያስገባል። 40 ደቂቃ ከተመደበለት ሙሉውን የማየት ዕድልዎ ሰፊ ነው። 30 ደቂቃ ብቻ ከሆነ ግን የሆነ ነገር ተቆርጧል፤ ሒሳቡ ሌላ መንገድ የለውም። ቆራጩ ብዙውን ጊዜ የሚነካው ቃል የሌለበትን ቦታ ነው፤ ጉዳቱም እዚያ ላይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ስለነበሩ የአገር ውስጥ ጠባቂዎች በሚተርከው «ዳድስ አርሚ» ውስጥ አዛዡ ካፒቴን ሜይንዋሪንግ ዝም ብሎ የሚያፈጥባት ቅጽበት ራሷ ቀልድ ናት። እሷን ያወጣ ሰው ቀልዱን አውጥቶ ማብራሪያውን አስቀረ ማለት ነው።

«ዳድስ አርሚ» ለድጋሚ ስርጭት የተፈጠረ ይመስላል፦ 80 ክፍሎች፣ እያንዳንዱ በራሱ የሚቋጭ፣ ከየትም ቢጀመር የሚገባ። ሦስቱ ግን የሉም፤ ቢቢሲ በዚያ ዘመን ቴፕ እየደመሰሰ ደግሞ ይቀዳበት ነበር። ጎልድ በ2019 እነዚህን ሦስቱን በአዲስ ተዋንያን አሠርቷል። ሙከራው ያስመሰግነዋል፣ የመጀመሪያዎቹን ተዋንያን ግን አይተካም።

ተከታታይ ታሪክ ያለው ሥራ እንዲህ አይታደልም። የሊቨርፑሉን ቤተሰብ የሚያሳየው «ብሬድ» በ1980ዎቹ መጨረሻ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ነበረው፤ ዛሬ ግን ክላሲኮች ሲቆጠሩ ስሙ ቶሎ አይነሳም። እንደ እኔ ግምት ምክንያቱ አሠራሩ ነው፦ ታሪኩ ከክፍል ክፍል ይቀጥላል፣ መሀል ላይም የዋና ገጸ ባሕርያት ተዋንያን ተቀይረዋል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ፣ ትናንት ያዩት ልጅ ዛሬ ሌላ ፊት ይዞ ይመጣል።

የ«ኦንሊ ፉልስ ኤንድ ሆርስስ» ነገር የተገላቢጦሽ ነው። በ1981 ሲጀምር ተመልካቹ ብዙም አልነበረም። ሦስተኛውን ዙር ያስገኘለት በ1983 በጋ በድጋሚ ሲታይ ያገኘው ተመልካች ነው። በ1996 የገና ሰሞን ደግሞ 24.3 ሚሊዮን ሰው አየው። ድጋሚ ስርጭት ግን ሥራውን ያጠብባልም፦ ዋናው ገጸ ባሕርይ ዴል ቦይ መጠጥ ቤት ውስጥ ተደግፎ ሲወድቅ የምታሳየው የ1989 ቁራጭ ብቻዋን ስለተደጋገመች፣ ከመውደቁ በፊት ያለውን የኩራት አቋቋም ሳያዩ ውድቀቱን ብቻ የሚያውቁ ብዙ ናቸው።

ስለ አንድ ሆቴል የሚተርከው «ፎልቲ ታወርስ» በጠቅላላ 12 ክፍል ነው። ጥቂት በመሆኑ የሚሰለች ደካማ ክፍል የለውም ማለት ይቻላል፤ በአንጻሩ አንዱ ከተነካ ወዲያው ይታወቃል። በ2013 ቢቢሲ 2 ስለ ጀርመኖቹ ከሚተርከው ክፍል የሻለቃውን (በሆቴሉ የሚኖሩትን አዛውንት እንግዳ) ዘረኛ ቃላት ቆርጦ አሳየ። በ2020 ደግሞ የጎልድ ባለቤት የሆነው ዩኬቲቪ ያንኑ ክፍል ከኢንተርኔት አገልግሎቱ አንስቶ፣ ቅሬታ ሲበዛ ከማስጠንቀቂያ ጋር መለሰው። ማስጠንቀቂያው ይሻላል፤ መቀስ ሻለቃው ላይ የተቀለደበትን ምክንያት ጭምር ይዞ ይሄዳል።

ስለ ምስሉ፦ እነዚህ ሥራዎች የተቀረጹት በ4፡3 (የድሮ ቴሌቪዥን የወርድና የቁመት ምጥጥን) ነው፣ ግራና ቀኝ ጥቁር መኖሩ ትክክል ነው። ሰዎቹ ወፍረው ከታዩ ቴሌቪዥንዎ እየለጠጠው ስለሆነ የምስል ስፋቱን ከቅንብሩ ያስተካክሉ። ከቤት ውጭ ያለው ትዕይንት ሻካራ ሲመስል አይደንግጡ፤ ስቱዲዮው በቪዲዮ፣ ውጪው በፊልም ይቀረጽ ነበር።

የሚያናድደው ከፍለው ማስታወቂያ ማየትዎ ነው። የሚፈልጉት ሥራ በቢቢሲ የኢንተርኔት አገልግሎት፣ ቢቢሲ አይፕሌየር ላይ ካለና በብሪታንያ የሚከፈለውን የቴሌቪዥን ፈቃድ ከከፈሉ፣ መጀመሪያ እዚያ ይዩት፤ በማስታወቂያ አይቋረጥም። ጎልድን ለ40 ደቂቃዎቹ ፕሮግራሞች ያስቀምጡት።