ከ1,500 ወደ 5,000 ዶላር፦ የክሬዲት ካርዴን ሊሚት ለማስጨመር የፈጀብኝ ሰባት ወር

ካርዱን ያወጣሁት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ በገባሁ በዓመቴ ነው። ያኔ ክሬዲት፣ ማለትም የብድር ታሪክ የሚባል ነገር ስላልነበረኝ 300 ዶላር አስይዤ፣ የገዛ ብሬን መልሼ ተበደርኩ። ከጊዜ በኋላ ማስያዣውን መለሱልኝና ሊሚቱን፣ ማለትም በካርዱ መበደር የምችለውን ጣሪያ፣ 1,500 አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ቀን ክፍያ ሳላሳልፍ አራት ዓመት እዚያው ላይ ቀረሁ።

የባንኩን ስም አልጠራም። ትልልቅ ከሚባሉት አንዱ ነው፣ ይበቃል። እዚህ የምገመግመው ካርዱን አይደለም። «ሊሚት ጨምሩልኝ» ብሎ የመጠየቁን አገልግሎት ነው። ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። አንዴ ወድቄ፣ አንዴ አልፌ።

የጀመረው በቲኬት ነው። ባለፈው ዓመት ማርች ላይ ለክረምቱ አዲስ አበባ ልንሄድ አሰብን፤ እኔ፣ ባለቤቴና የ13 ዓመት ልጃችን። እሷ እንደ ትልቅ ሰው ነው የሚከፈልላት። ዋሽንግተን አጠገብ ካለው የደለስ አየር ማረፊያ የሚነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ለሦስታችን ለ4,500 ዶላር ጥቂት ፈሪ መጣ። ብሩ አለን፤ እቁብ ደርሶኝ ነበር። ግን በካርድ ልግዛው አልኩ። የሆነ ነገር ቢፈጠር በክሬዲት ካርድ የተገዛን ነገር መከራከር ይቀላል። ሊሚቴ አንድ ቲኬት ብቻ ስለሚችል አንዱን ገዛሁ። በማግስቱ ከቼኪንግ (ተንቀሳቃሽ) ሒሳቤ ዕዳውን ከፈልኩ። ሁለተኛውን ልግዛ ስል ባንኩ ክፍያዬን ተቀብሏል፣ ሊሚቱን ግን አልለቀቀውም። አራት ቀን ጠበቅሁ። በአራት ቀን ውስጥ ዋጋው በሰው 140 ዶላር ጨመረ። አሁን አንድ ቲኬት ብቻውን ከሊሚቴ በላይ ሆነ! የቀሩትን ሁለቱን እያጉረመረምኩ በዴቢት ገዛኋቸው።

በንዴት እዚያው ቀን ደወልኩ። የመጀመሪያው ስህተቴ ይሄ ነው። በንዴት ባንክ አይደወልም።

35 ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ። የማታ ፈረቃ ስለነበረብኝ ዩኒፎርሜን እየለበስኩ ነበር የምጠብቀው። በመጨረሻ አንድ ትሁት ልጅ አነሳ። ስንት እንዲሆንልኝ እንደምፈልግ ጠየቀኝ። 8,000 አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ አፌ ላይ የመጣውን ነው። ገቢዬን ጠየቀኝ፣ በዓመት 43,000 አልኩ። የቤት ኪራይ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ከዚያ እኔ ስለ ክሬዲት ስኮሬ፣ ማለትም ብድር የመክፈል ታማኝነቴን ስለሚለካው ነጥብ ጠየቅሁ፦ «ይሄ ክሬዲት ስኮሬን ይነካዋል?» «አይ፣ ምንም አይነካም» አለኝ። ጥያቄዬ እየታየ እንደሆነና መልሱ በደብዳቤ እንደሚመጣ ነግሮኝ ተሰናበትን።

በሦስተኛው ቀን ስኮሬን የማይበት አፕ ጮኸ። አዲስ ኢንኳየሪ፣ ባንኩ የብድር ታሪኬን አይቷል ማለት ነው። ስኮሬ በሰባት ነጥብ ወርዷል።

ለማያውቅ ሰው፦ ባንኮች የብድር ታሪካችሁን የያዘውን ፋይል (ክሬዲት ሪፖርት) የሚያዩት በሁለት መንገድ ነው። ሶፍት ፑል የሚባለው እናንተ ራሳችሁ ስታዩት እንደማለት ነው፣ ስኮር አይነካም። ሃርድ ፑል ግን ይመዘገባል። ሪፖርቱ ላይ ሁለት ዓመት ይቆያል፣ አበዳሪዎች በብዛት በሚጠቀሙበት በፋይኮ ስኮር ውስጥ የሚቆጠረው ግን አንድ ዓመት ብቻ ነው። ሰባት ነጥብ ቤት አያፈርስም። የተናደድኩት ጠይቄ፣ አይነካም ተብዬ፣ ነክቶ ስላገኘሁት ነው። ልጁ ዋሽቶ አይመስለኝም፣ ሳያውቅ ነው የመለሰው። ግን የማያውቀውን እንዲህ በእርግጠኝነት መናገሩ አልተዋጠልኝም።

ደብዳቤው በዘጠነኛው ቀን መጣ። አልፈቀዱም።

እዚህ ላይ ግን ፍትሃዊ ልሁን። ከጠቅላላው አገልግሎት ምርጡ ነገር ያ ደብዳቤ ነበር። ለነገሩ ከደግነት አልመጣም፣ ሕጉ ነው የሚያስገድዳቸው። አሜሪካ ውስጥ ክሬዲት ሲከለክሉ በ30 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለባቸው፣ ምክንያቱንም በደፈናው ሳይሆን ለይተው መናገር አለባቸው። እኔ መጀመሪያ «ይቅርታ» የሚለውን አንብቤ ልጥለው ነበር። ባለቤቴ ነው ከቆሻሻ ያዳነው። ሦስት ምክንያት ተጽፏል። ያለብሽ ባላንስ (ያልተከፈለ ዕዳ) ከሊሚትሽ ጋር ሲነጻጸር በጣም ከፍተኛ ነው። ገቢሽ ለጠየቅሽው መጠን አይበቃም። የክሬዲት አካውንቶችሽ ጥቂት ናቸው። ከስር ያዩት ስኮር፣ 671። ከዚያ ሪፖርቱን የሰጣቸው ድርጅት ስምና በ60 ቀን ውስጥ ያንን ሪፖርት በነጻ የማግኘት መብት እንዳለኝ።

የመጀመሪያው ምክንያት ግራ አጋባኝ። ምን ባላንስ? እኔ እኮ በየወሩ ጠርጌ ነው የምከፍለው፣ ወለድ ከፍዬ አላውቅም!

ሪፖርቱን አውጥቼ ሳይ ገባኝ። ባንኩ የሰዉን የብድር ታሪክ ለሚመዘግቡት ክሬዲት ቢሮዎች የሚልከው የመክፈያው ቀን ላይ ያለውን አይደለም። ስቴትመንቱ፣ ማለትም የወሩ የሒሳብ መግለጫ፣ የሚዘጋበት ቀን ላይ ያለውን ነው። በእኔ ካርድ ስቴትመንቱ በየወሩ በ18 ይዘጋል፣ መክፈያው ከዚያ 25 ቀን በኋላ ነው። ቲኬቱን የገዛሁት በ17። የከፈልኩት በ18፣ ግን አልተመዘገበም። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ ያለሁት ከ1,500 ውስጥ 1,480 የበላሁ ሴት ሆኜ ነው። 99 ከመቶ ገደማ። በፋይኮ አቆጣጠር በጊዜ መክፈል 35 ከመቶ ነው፣ ያለባችሁ ዕዳ ደግሞ 30 ከመቶ። ሊሚቴ ስላነሰ ነው ካርዱ የሞላው፣ ካርዱ ስለሞላ ደግሞ ሊሚት አይጨምሩልኝም። ከዚህ የባሰ ክብ ዙር አላየሁም።

በነገራችን ላይ ስምንት ዓመት እቁብ ጥያለሁ። አንድ ሳምንት እንኳ አላሳለፍኩም። የእቁቡ ዳኛ ያውቀኛል፣ ዋስ የሆኑልኝ ያውቁኛል። ክሬዲት ቢሮዎቹ ግን፣ ኢኩፋክስ አያውቀኝም፣ ኤክስፔሪያን አያውቀኝም፣ ትራንስዩኒየንም አያውቀኝም። የሚያውቁኝ በቲኬቷ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነገር ብዙ አይደለም። ስልኬ ላይ በየወሩ በ14 የሚጮህ ማስታወሻ ሞላሁ። ሲጮህ ከ100 ዶላር በታች እስኪቀር እከፍላለሁ። የቀረውን ስቴትመንቱ ሲመጣ እዘጋለሁ። በሁለተኛው ወር ስኮሬ ከ700 አለፈ። ተጨማሪ ያወጣሁት ሳንቲም የለም፣ ያው የምከፍለውን ብር አራት ሳምንት ቀደም አድርጌ ነው የከፈልኩት።

ሁለተኛው ነገር ገቢ ነው። እኔ የተናገርኩት የራሴን ብቻ ነበር። ፎርሙ ላይ ከሳጥኑ ስር በደቃቁ የተጻፈውን ሳነብ፣ 21 ዓመት ከሞላኝ ልጠቀምበት የምችለውን የቤተሰብ ገቢ መጨመር እችላለሁ ይላል። ይሄ ከ2013 ጀምሮ የተፈቀደ ነው። የባለቤቴ ደመወዝ የሚገባው የጋራ አካውንታችን ውስጥ ነው፣ ኪራዩም የሚከፈለው ከዚያ ነው። ልጁ በስልክ «የቤተሰብሽ ገቢ» ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ ሌላ ቁጥር ነበር የምሰጠው። ግን ሳታጋንኑ፣ ትክክለኛውን ነው የምትጽፉት። ማስረጃ አምጡ ማለት ይችላሉ፣ ከሌለ ቁጥር ጋር ደግሞ መጫወት አያዋጣም።

ኦክቶበር ላይ በአፑ ሞከርኩ። ቁልፉን ያስቀመጡበት ቦታ ያስቃል። ዋናው ገጽ ላይ የለም። «የካርድ አገልግሎቶች» ውስጥ ገብታችሁ፣ ወደ ታች ወርዳችሁ፣ የጠፋ ካርድ ከማስመዝገቢያው በታች ነው። ካገኛችሁት በኋላ ግን በጣም ቀላል ነው። ዓመታዊ ገቢ፣ ወርሃዊ ኪራይ፣ የምትፈልጉት መጠን። ከላይ «ይህ ጥያቄ ክሬዲት ስኮርዎን አይነካም» ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። 6,000 ብዬ ሞላሁ። ደቂቃ አልሞላም፣ 5,000 ተፈቅዶልሻል አለኝ። ከዚያ በላይ ከፈለግሽ ሃርድ ፑል ልናደርግ ነው፣ ትስማሚያለሽ? ብሎ ጠየቀ። አልስማማም፣ አመሰግናለሁ።

አንድ ባንክ፣ አንድ ካርድ፣ አንድ ሴት። በስልክ ጠይቄ ያልተነገረኝን አፑ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ኮከብ የምቀንስባቸው እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ልብ በሉ። ሊሚቱ ሲጨምር ወለዱ አልቀነሰም፣ ያው በዓመት 26 ከመቶ ነው። 5,000ውን ሞልቼ ብተኛበት በወር 108 ዶላር ገደማ ወለድ ብቻ ይመጣብኛል። ባለቤቴ ቁጥሩን ባየበት ማታ ቴሌቪዥን ማየት ጀምሮ ነበር፣ ስልኩ ላይ የሚሸጡትን ማለቴ ነው። የ108 ዶላሯን ሒሳብ አሳየሁት። ስልኩን አስቀመጠ።

ለስልክ አገልግሎቱ ከአምስት አንድ ኮከብ፣ እሷም ለልጁ ትህትና። ለደብዳቤው አራት። በአማርኛ ቢሆን አምስት እሰጥ ነበር፤ እናቴን የመሰለ ሰው ቢደርሰው «ይቅርታ»ውን እንኳ ሳያነብ ነው የሚጥለው። ለአፑ አራት፣ ቁልፉን ከጠፋ ካርድ ስር አውጥተው ፊት ለፊት ካስቀመጡት አምስት። በጥቅሉ ሦስት።

አሁን ተራው የባለቤቴ ካርድ ነው። ሊሚቱ 800 ነው። የእሱ ስቴትመንት የሚዘጋው በ9 ስለሆነ የእኔ ስልክ በወር ሁለት ጊዜ መጮህ ጀምሯል።