በሎጎ ሐይቅ የተፈተነው የውኃ ውስጥ ማይክሮፎን

ደሴ ከሚገኝ የኤሌክትሮኒክስ መደብር በትእዛዝ ያስመጣሁት ሃይድሮፎን፣ ማለትም ውኃ ውስጥ ድምፅ የሚቀበል ማይክሮፎን፣ የውቅያኖስ ተመራማሪዎች ከማዕበል ሥር ያሉ የአየር አረፋዎችን በድምፅ የሚለኩበትን ዘዴ ለተማሪዎች በተግባር ለማሳየት የሚያስችል መሣሪያ ነው። ነፋስ በነበረበት ከሰዓት በኋላ በሎጎ ሐይቅ ከጀልባ ላይ ወደ ውኃው ስናወርደው፣ የሚሰበረው ሞገድ ድምፅ ጥርት ብሎ ተቀርጿል።

የዚህ ድምፅ ዋና ምንጭ አረፋው ራሱ ነው። የሥነ ፈለክ ሊቁ ማርሴል ሚናርት በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ አዲስ የተፈጠረ አረፋ እየጠበበና እየሰፋ ይርገበገባል፤ በውኃው ገጽ አጠገብ ራዲየሱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ አረፋ 3.3 ኪሎ ኸርዝ ገደማ (በሰከንድ 3,300 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ) ድምፅ ያወጣል፤ አረፋው ባነሰ ቁጥርም ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል። ተማሪዎች ከቀረጹት ድምፅ ተነሥተው የአረፋውን መጠን ራሳቸው ማስላት መቻላቸው፣ በእኔ እምነት፣ ከየትኛውም የሰሌዳ ማብራሪያ ይበልጣል።

ውስንነቱ ግን መታወቅ አለበት። መሣሪያው የሚቀበለው እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ ብቻ ስለሆነ፣ ራዲየሳቸው ከ0.16 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑትን አረፋዎች አይደርስባቸውም። በጨው ውኃ ውስጥ በብዛት የሚገኙትና ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆዩት ደግሞ እነዚሁ ደቃቃዎቹ ናቸው፤ ከተፈጠሩ በኋላ ዝም ስለሚሉም፣ ተመራማሪዎች ከታች ወደ ላይ ድምፅ የሚልክ ሶናር ተጠቅመው ከአረፋዎቹ ተንጸባርቆ የሚመለሰውን ድምፅ ይለካሉ።

ገመዱ ጠንካራ ነው። ባለመደብሩም ከማስረከባቸው በፊት በባልዲ ውኃ ፈትነው አሳይተውናል። ዋጋው ለግለሰብ ይከብዳል፤ ለትምህርት ቤት ግን ያለማመንታት እመክረዋለሁ።