«ለጋሽ»ን ፍለጋ የገለጥኩት መዝገበ ቃላት

ሥራዬ ትርጉም ነው። ሪፖርት ይምጣ፣ ብሮሹር ይምጣ፣ ቃለ ጉባኤ ይምጣ፣ እተረጉማለሁ። ቢሮ ውስጥ ሁሉም «ዶነር» ይላል፤ እኔ ስጽፈው «ለጋሽ» ነው። ባለፈው ስለ ደም ልገሳ በሚያወራ ጽሑፍ ላይ ግን እጄ ሳተና «ደም ለጋስ» ብዬ ላክሁ። አርታኢያችን፣ ጋሼ የምላቸው፣ በቀይ አስምረው መለሱልኝ። ዳር ላይ «ለጋስ ደም አይሰጥም» ብለው ጽፈውበታል።

ተናደድኩ። አንዲት ፊደል ናት እኮ!

መጀመሪያ ስልኬ ላይ ያለውን የመዝገበ ቃላት አፕ ከፈትኩ። ስሙ ይቅር። «ለጋሽ» ብዬ ስጽፍለት «ለ»ን ለብቻ፣ «ጋሽ»ን ለብቻ ቆርጦ «ለታላቅ ወንድም» አለኝ። «ይሄን ለጋሽ እገሌ ስጪልኝ» እንደሚባለው መሆኑ ነው። ሳቄ መጣ፣ ንዴቴም በረደ። ከዚያ ተነስቼ ከመደርደሪያው ትልቁን መጽሐፍ አወረድኩ፤ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ»። ለዓመታት አቧራ ያጠጣሁት መጽሐፍ ስለሆነ ይህ ግምገማ በከፊል ይቅርታ መጠየቂያዬ ነው።

መጽሐፉ ግእዙን በአማርኛ የሚፈታ ነው። ሥራውን የጀመሩት የኪዳነ ወልድ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። ለተማሪያቸው አደራ አሉ። ኪዳነ ወልድም መታተሙን ሳያዩ በ1936 ዐረፉ፤ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ተቀብለው በ1948 ለማተሚያ አበቁት። ሦስት ሰው የተቀባበለው መጽሐፍ ነው።

አሁን ወደ ችግሩ። ቃል ፈልጎ ማግኘት ላብ ያስወጣል። በሀሁ ተራ ለለመደ ሰው ፊደሉ የተደረደረው በአበገደ ነው፤ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ፣ ሀ፣ ወ እያለ ይሄዳል። እኔ ግእዜ ያን ያህል አይደለም። «መስጠት» በግእዝ «ወሀበ» እንደሆነ ግን አውቃለሁ፤ አባታችን ሆይን በግእዝ ያደረሰ ሁሉ «ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም» ሲል «ስጠን» ማለቱ እኮ ነው። «ሀበነ» ውስጥ ወ የለችም ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ትእዛዝ ሲሆን ትወድቃለች። ስለዚህ ቃሉ የሚፈለገው ከሥሩ፣ ከወ ነው።

እዚያ ስደርስ ነው አፌን የያዝኩት። «ሀብት» ከዚሁ ሥር ነው የሚወጣው። ከ«ወለደ» ልደት እንደሚወጣው ሁሉ፣ ከ«ወሀበ» ደግሞ ሀብት። ወዋ ወደቀችና ስጦታ የሚለው ቃል ቀረ። ሀብተ ማርያም፣ ሀብተ ሥላሴ የምንላቸው ስሞች «የማርያም ንብረት» ሳይሆን «የማርያም ስጦታ» ናቸው። ዐረብኛውም ወሀበ ይላል፤ አብዱልወሃብ የሚለው ስም ውስጥ ያለው «ወሃብ» ሰጪው ነው። እኔ ደግሞ ያን ቀን ጠዋት «ሀብታም ለጋሾች» የሚል ሐረግ ሳልጠራጠር ተርጉሜ ነበር። ስጦታ የደረሳቸው ሰጪዎች እንደማለት ሆነ። አፑ ይሄን መቼም አያሳይም፤ ቃሉን ከሥሩ ነጥሎ ነዋ የሚያስቀምጠው። (ዶነርም ቢሆን ዘሩ ከዚህ አይርቅም፤ የላቲኑ «ዶኑም» ስጦታ ነው።)

የጋሼ ቀይ መስመር ግን ገና አልተፈታም። የመጽሐፉ መጀመሪያ ሰዋስው ስለሆነ ወደዚያ ተመለስኩ። እውነቱን ልናገር፣ ሰዋስዉ ለጀማሪ አይራራም፤ ቋንቋው የሊቅ ነው፣ አንዱን ገጽ ሦስቴ አነበብኩት። ቢሆንም ወንበሬ ላይ ቀና ያደረገኝን ነገር ያገኘሁት እዚያው ስፍጨረጨር ነው። በግእዝ አድራጊው መጨረሻ ላይ «ኢ» አለችው። ወላዲ፣ ቀዳሲ፣ ከፋሊ። ወላዲተ አምላክ ስንል የምንሰማት «ዲ» ማለት ነው። አማርኛ ደግሞ ይህቺን ኢ ዋጣትና ፊተኛዋን ፊደል ለወጣት። ወላዲ ወላጅ ሆነ፣ ቀዳሲ ቀዳሽ፣ ከፋሊ ከፋይ። ፈጣሪ ግን ሳይነካ ቀረ፤ ር አትለወጥም።

እንግዲህ ለጋሽ ላይ ያለችው ሽ የተዋጠች ኢ ናት። ሥራ ላይ ያለ ሰውን ነው የምታሳየው። ለጋስ ግን ኢ የለውም፤ ጠባይ ነው፣ እጁ የማይጨብጥ ሰው ይባልበታል። ክንዱን ዘርግቶ መርፌ የተወጋው ለጋሽ ነው፤ ቤቱ ሄዶ ቆንቋና ቢሆንም። ለጋስ ደግሞ አንድም ቀን ደም ሳይሰጥ ለጋስ ሊሆን ይችላል። ጋሼ ልክ ነበሩ። ሃያ ዓመት ሁለቱን ቃል እያምታታሁ ደመወዝ ስበላ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የመጽሐፉ ጉድለት ልጠቁም። ግእዝ እንጂ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ስላልሆነ የዛሬውን የቢሮ ቃል ፍለጋ ለሚገባ ሰው መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ነገ ጠዋት የሚደርስ ሥራ ካለባችሁ አትንኩት። ሌሊቱን ይወስድባችኋል። እኔ ስለ ሰጪ ልጠይቅ ገብቼ «እግዜር ይስጥልኝ» ላይ ተገትሬ ቀርቻለሁ፤ ምስጋና የምንለው እኮ «እኔ መመለስ ስለማልችል በእኔ ፈንታ ሌላ ሰጪ ይስጥህ» ነው። ይሄ ከመጽሐፉ ሳይሆን ከእንቅልፍ ማጣት የመጣ ሐሳብ ነው።

ስልክ ላይ በፎቶ ተነስቶ የሚዞረው ቅጂ አለ፤ ፎቶ ስለሆነ ግን ቃል ጽፎ መፈለግ አይሆንም። ወረቀቱን ከቻላችሁ ወረቀቱን ያዙ። ከእኔ አምስት ኮከብ ይገባዋል፤ አንዱን በሰዋስዉ ምክንያት ልቀንስ አስቤ ነበር፣ ተውኩት።

በማግስቱ ጽሑፉን አርሜ ለጋሼ ወሰድኩ፣ የወላዲንና የወላጅን ነገርም አጫወትኳቸው። ደስ አላቸው። ወዲያው መጽሐፉን ለቅዳሜና እሁድ አውሺኝ አሉ። እዚሁ ቢሮ ያንብቡት፣ ቤት ግን አይሄድም አልኳቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ።

«ለጋስ አይደለሽም» አሉኝ። በስ ነው ያሉት።