ባኬት መኪናዬ ከጥምቀት እስከ ክረምት፦ ስትገዙ መጀመሪያ ሌቨሩን እዩ

ባኬት (ሰው ቆሞበት ከፍ ብሎ የሚሠራበት ቅርጫት) ያለው መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ የሚያወራችሁ ስንት ሜትር እንደሚወጣና ሞተሩ እንዳልተነካ ነው። እሱ ይቆይ። መጀመሪያ ሌቨሮቹን፣ ባኬቱን የሚያንቀሳቅሱትን የእጅ ዘንጎች፣ አንድ በአንድ ግፉና ልቀቋቸው። በራሳቸው ወደ መሃል ካልተመለሱ ዋጋ አትጠይቁ።

የእኔ ያገለገለ አይሱዙ ላይ የተገጠመ ነው። ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ እስከ አዘዞ የማስታወቂያ ሰሌዳና የሕንፃ መብራት እሰቅልበታለሁ። ለጥምቀት ሥራ ደረሰልኝ፣ ክረምቱንም ተሻገረ። ባጠቃላይ ወድጄዋለሁ። ቡሙ፣ ባኬቱን የሚሸከመው ረጅም ክንድ፣ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሞተሩ መሥራት ስላለበት ነዳጅ ይጠጣል፣ ያው የታወቀ ነው።

መቆጣጠሪያው ሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ ባኬቱ ላይ፣ አንዱ ከታች። የታችኛው የላይኛውን መሻር አለበት። ላይ ያለው ሰው ራሱን ቢስት የሚያወርደው ታች ያለው ነውና። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ጎማው ሥር ታኮ ገብቶ፣ መኪናውን የሚደግፉት እግሮች ተዘርግተው፣ ባኬቱ ባዶ እያለ ከታች እናነሳዋለን፣ እናዞረዋለን፣ እናወርደዋለን። ቀጥሎ ከላይኛው። ከዚያ ላይኛው እየሠራ ታችኛው ይነጥቀዋል። ካልነጠቀ የዚያን ቀን ሥራ የለም፣ ደንበኛው ቢጮህም ይጩህ። ቀዩን የድንገተኛ ማቆሚያም በሁለቱም በኩል እንጫናለን። ሞተሩ ቢጠፋ በባትሪ የምታወርደዋን ትንሿን ፓምፕ ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳታል፤ ባትሪው ከደከመ እሷም የለችም።

ስገዛው የላይኛው ሌቨር ቃታ፣ ሌቨሩ እንዲሠራ በጣት ተጨምቆ የሚያዘው፣ በሽቦ ታስሮ ነበር። "ጣት እንዳይደክም ነው" ተባልኩ። ቃታው የተሠራው እኮ ሌቨሩን ልብስ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ቢገፋው ባኬቱ እንዳይንቀሳቀስ ነው! ሽቦውን እዚያው ቆረጥኩት። እንደዚህ ታስሮ ካያችሁ የቀረው ነገር እንዴት እንደተያዘ ገምቱ።

በበጋ የጎንደር አቧራ ፈተነን። የታችኞቹ ሌቨሮች የጎማ ሽፋን ተሰነጣጥቆ አቧራው ከዘይት ጋር ተቦካና አንዱ ሌቨር ሲለቀቅ እየዘገየ መመለስ ጀመረ። አንድ መካኒክ ከውጭ ስፕሪንግ እንጨምርበት አለ። እምቢ አልኩ። ፒኑ ተፈትቶ ታጠበ፣ ተቀባ፣ ተስተካከለ። ሽፋኑን እዚህ አላገኘሁም፤ ከጎማ ከመነዳሪ ቆርጠን ሠራንለት፣ እስካሁን ይዟል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ቀዩ የድንገተኛ ማቆሚያ ራሱ በራሱ ያጠፋ ጀመር። ላይኛው ሳጥን ውስጥ ውሃ ገብቶ የሽቦው ጫፍ አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ ነው። ጸዳ፣ ደረቀ፣ አሁን ሲያድር ባኬቱ በሸራ ይሸፈናል።

ሌቨሮቹ ላይ ያለው ጽሑፍ ፀሐይ በልቶት ስለነበር በራሴ ማሽን በአማርኛ አትሜ ለጠፍኩበት። ሰሌዳ ሠሪ መሆን ለዚህ ይጠቅማል።

ዘይት ያንጠባጠበ ቱቦ ስታዩ በእጃችሁ አትዳብሱ። በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ያ ደግሞ ሐኪም ቤት የሚያስሮጥ ነው። ካርቶን አስጠጉበት።

ፋሲል መዋኛ አካባቢ ለጥምቀት ስንሠራ ያስቸገረን ከፍታው አልነበረም፣ ሕዝቡ ነው። ሕፃናት የታችኛውን ሌቨር መነካካት ይወዳሉ። ረዳቴ ከዚያ ቦታ ንቅንቅ አይልም። እሱም ቢሆን "ጋሼ፣ ላውርድዎ?" ሳይል አይነካም፣ አደጋ ካልሆነ በቀር። ዳገቱና ዝናብ የጠጣው ኮብልስቶንም አይታመንም፤ እግሮቹ ሥር ወፍራም ጣውላ ሳናደርግ አንሠራም።

ሻጮች "ባኬቱ ፋይበር ስለሆነ ኤሌክትሪክ አይዝም" ይላሉ። አትስሟቸው። የእኔ ቡም ብረት ነው። ለመብራት ሽቦ ሥራ የሚሆነው ቡሙም ጭምር ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ መከለያ ያለውና በየጊዜው በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚፈተሸው ነው። እኔ ሽቦ ካለበት መስመሩ መጥፋቱ ሳይረጋገጥ አልጠጋም።

መግዣ ላይ የምትጨቃጨቁበት ካጣችሁ ሞተሩን አስጠፍታችሁ በትንሿ ፓምፕ አውርደው እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። ያን ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ።